የአሰለፈች እጅ

ዶክተር ሳህሌ ቆርቆሮዎቹን ያከፋፈለ ዕለት የግቢው ሴቶች የሚገቡበት ጠፋቸው። ቆርቆሮዎቹ ትንንሽ፣ ክዳን ያላቸው፣ በየላያቸው የባለቤቱ ስም የተለጠፈባቸው ናቸው። ዶክተሩ ከውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ ብዙም ያልቆየ ልጅ እግር ነበርና ነገሩን ሳያሽሞነሙን ተናገረው። ነገ ጠዋት ትልቅ ሰው የተባለ ሁሉ ከዓይነ ምድሩ ጥቂት ቆንጥሮ እዚህ ውስጥ ያምጣልኝ አለ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ አማተበች፣ ወንዶቹ ደግሞ ጉዳዩን ለሚስቶቻቸው ጥለው ወደ ጠላ ቤት ሄዱ።

ይህ የሆነው አቃቂ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ የጥጥ ፋብሪካው ፊሽካ ከደብሩ ደወል ቀድሞ ሰው በሚቀሰቅስበት ጊዜ። ፋብሪካው ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ለሠራተኞቹ ተርታ ቤቶች ሠርቶ ነበር፤ ለሁሉም አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ሽንት ቤት። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ተስቦ ገባ። ትልልቆቹን ትቶ ልጆቹን መረጠ። የሙሉአለም ትንሹ ልጅ፣ ገና ወፌ ቆመች የተባለለት፣ በትኩሳት ነድዶ ነድዶ ሞተ። ከእሱ በፊትም ከታችኛው ተርታ አንድ ሕፃን ተቀብሯል።

ዶክተር ሳህሌ የመጣው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ባለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። በሽታው ታይፎይድ እንደሚባል፣ የሚያመጣውም ሳልሞኔላ የተባለ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ እንደሆነ ነገራቸው። ሴቶቹ ሳልሞኔላ ሲል የፈረንጅ ሴት የጠራ መሰላቸው። የወንዙን ውሃ ቀድቶ መርምሯል፣ የጉድጓዱንም መርምሯል፣ ጠዋት ጠዋት በአህያ ተጭኖ የሚመጣውን ወተት ሳይቀር መርምሯል፤ ምንም አላገኘም። ያልተመረመረ ሰው ብቻ ቀረ።

ሰው ደግሞ ከገላው የወጣ ነገር በባዕድ እጅ እንዲገባ አይወድም። ጥፍሩን ሲቆርጥ ይቀብራል፣ ፀጉሩን ሲላጭ ይደብቃል፤ እንኳንስ ይሄን። ግን እሱ ትንሹ ፍርሃት ነበር። ትልቁን ፍርሃት ያመጣው የፈትል ክፍሉ ካቦ ፈየራ ነው። ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው በማግስቱ ከሥራ ይሰናበታል ብሎ ከማሽን ማሽን እየዞረ አወራ። ማን እንደነገረው የጠየቀው የለም። ካቦ የተናገረው ነገር በዚያ ፋብሪካ ከዳይሬክተሩ ማስታወቂያ በላይ ይታመን ነበር።

ሙሉአለም ያን ዕለት ከፈረቃዋ ስትወጣ ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና አሰለፈች ቤት ገባች። አሰለፈች የግቢው ልጆች ሁሉ እናት ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። እናቶቹ ፋብሪካ ሲገቡ ልጆቻቸውን እሷ ዘንድ ጥለው ይሄዳሉ፤ እሷም ታጥባለች፣ ታስተኛለች፣ ታጎርሳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ፋብሪካው ቤቱን ያልነጠቃት ልጆቹን ስለምትጠብቅለት ነው። ማጉረሱን ግን ለቤቱ ብላ አልነበረም የምታደርገው። ልጆቹ ዙሪያዋን ተኮልኩለው እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እሷ አንድ በአንድ ታዳርሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ አጉርሳ ያለፈችው ልጅ "አንድ ያጣላል፣ እማማ!" ብሎ ይጮኽባታል። እሷው ናት ያስተማረቻቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛውን ታስከትላለች።

የራሷ ልጆች ሁሉም አልቀውባታል። ጡት እስኪጥሉ ወፍራም፣ ሳቂታ ነበሩ፤ ጡት ጥለው ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ በትኩሳት ሄዱባት። ሰው ሾተላይ አለባት አለ። እሷም አመነች፤ ጠበል ጠጣች፣ ክታብ አሰረች፣ በመጨረሻም ተወችው። የሌላ ሰው ልጅ ሾተላይ አይነካውም ብላ ነው የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ጭኗ ላይ የሰበሰበችው። እሷን ራሷን ግን በሽታ የሚባል አያውቃትም። ድሮ በልጅነቷ ተስቦ ይዟት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ሞተች ተብላ ከዳነች ወዲህ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ አልገባባትም።

ሙሉአለም መደብ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይሄን ሰሞን ሆዷ ልክ እንዳልሆነ፣ ልጇን የገደለው ነገር እሷም ሆድ ውስጥ ካለ ሥራዋን እንደምታጣ፣ ሥራዋን ካጣች የቀረቻትን ልጇን ዲንቄን የምታበላት እንደሌላት ተናገረች።

"ለዚች ነው የምታለቅሺው?" አለች አሰለፈች። "የእኔን ውሰጂ። እኔ እንደሆንኩ ራስ ምታት እንኳ አያውቀኝም።"

ሙሉአለም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ቆርቆሮዋን ትታ ወጣች።

በዚያ ግቢ ምስጢር ከጉድጓዱ አፍ አያልፍም። ሙሉአለም ለአንዷ ሹክ አለች፣ አንዷ ለሌላዋ፤ ሳይመሽ የአሰለፈች በር ላይ ቆርቆሮ ተደረደረ። አንዷ የባሏን ጨምራ አመጣች፤ ሌላዋ "እትዬ፣ አደራዎትን ጥሩ ጥሩውን" ብላ አሳቀቻት። አሰለፈች በማግስቱ ማለዳ እንጨት ይዛ ለሁሉም አዳረሰች፤ ለድግስ ወጥ የምታወጣ እንጂ ሌላ ነገር የምትሠራ አትመስልም ነበር። ደስ ብሏት ነበር። ምንም የሌላት ሴት ለጎረቤቶቿ ጤናዋን አካፈለቻቸው። ያልተበደረችው ሰኪና ብቻ ናት። ሰኪና ባሏ ከግቢው በር ላይ ሱቅ ያለው የስልጤ ሴት ናት፤ ፋብሪካ ስለማትሠራ ካቦ አያስፈራትም። አላህ የሚያየውን ከዶክተር ምን እደብቃለሁ ብላ የራሷንና የባሏን በራሷ እጅ ወስዳ ሰጠች።

ዶክተሩ ቆርቆሮዎቹን በሳጥን አድርጎ በጂፕ ወደ ከተማ ይዞ ሄደ። ሰው ሁሉ ነገሩን ረሳው። አሰለፈች ብቻ የምትረሳበት ጊዜ አላገኘችም፤ ዲንቄ ታመመች።

መጀመሪያ ራሴን አለች። ቀጥሎ ትኩሳቱ ወጣባት፣ ሆዷ ተነፋ፣ ዓይኗ ሰው እያየ ሰው መለየት አቆመ። ሙሉአለም ሥራ ከቀረች ትባረራለች፤ ስለዚህ ቀን ቀን ያስታመመቻት አሰለፈች ናት። ጨርቅ እያራሰች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። አጥሚት በጣቷ እየነከረች ከንፈሯን ታስልሳታለች። ልጅቱ ከማንም እጅ አልቀበል ስትል ከአሰለፈች ጣት ብቻ ትልስ ነበር። ሙሉአለም ከፋብሪካ ስትመለስ በር ላይ ቆማ "በላች?" ትላለች፤ አሰለፈች "ከእጄ በላች" ትላለች፤ እናትየው እፎይ ብላ ትገባለች። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ይህችን ቃል እንደ መልካም ዜና ነበር የሚያዩዋት።

ልጅቱ ሲብስባት የፋብሪካው ክሊኒክ አስገቧት። ዶክተሩ ከከተማ መድኃኒት ላከላት። መድኃኒቱን በላከ በሳምንቱ ራሱ መጣ፤ ዳይሬክተሩም አብሮት ነበር። ሠራተኞቹና የግቢው ሰው በሙሉ ፋብሪካው ደጅ እንዲሰበሰቡ ፊሽካ ተነፋ።

ዶክተር ሳህሌ ጠረጴዛ ላይ ክብ ክብ የመስታወት ሳህኖች ደረደረ። በየሳህኑ ውስጥ እንደ ሙቅ የረጋ ነገር አለ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት ነው አለ። በላዩም ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ አሰለፈች ስታየው ዳቦ ላይ የተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ መሰላት። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የሳልሞኔላ መንጋ ነው አለ ዶክተሩ። ከሱቁ ባለቤትና ከሚስቱ በቀር በሁሉም ሰው ተገኝቷል። ከሁሉም የተገኘው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፣ የአንድ እናት ልጅ እንደሚባለው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በየትም አገር ተጽፎ አላየሁም አለ። ሐዘኑ እውነት ነው፤ ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ የደስታ ነገር እንዳለበት ለማንም አይጠፋም። ሳይንስ የተማረ ሰው ብርቅ ነገር ሲያገኝ ፊቱን መደበቅ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንዲረዱት ብሎ በቀስታ አስረዳ። ይህ በሽታ የያዘው ሰው አንዳንዴ ይድናል፤ ባክቴሪያው ግን አይወጣለትም፣ የሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን አይታመም፣ አይከሳ፤ ጤነኛ ነኝ ይላል። ነገር ግን ከሽንት ቤት ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ ልጅ አፍ ያደርሰዋል።

አሰለፈች ከኋላ ቆማ ነበር። "ከእጁ" ሲል እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አየችው። ያው የምታውቀው እጅ ነው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ አውራ ጣቱ ላይ የድሮ ቃጠሎ ያለበት። ከዚያ ወደ ሳህኖቹ አየች። ሁሉም የእሷ ናቸው። ግድግዳ ተደገፈች።

ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ተናገረ፤ የእሱ አጭር ነው። በሽተኛ ፋብሪካ ውስጥ አይሠራም። ተርታ ቤቶቹ ይለቀቃሉ፣ ይቃጠላሉ። ግቢው የወሩ ደመወዝ ሲከፈል ባዶ መሆን አለበት።

ሴቶቹ እሪ ይላሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ማንም እሪ አላለም። ወደ ግቢው ተመለሱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው አሰለፈች በመስኮቷ አየቻቸው። የሚሉት አይሰማትም፣ ግን ምን እንደሚሉ አውቃለች። አንዷ እጇን ዘርግታ የሆነ ነገር ትጠይቃለች፤ የራሳችንን አልሰጠን፣ ታዲያ የማን ነው የተመረመረው እያለች መሆን አለበት። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እሷ በር ዞሩ፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀሩ።

አንዷ እንኳ አልመጣችም። አንዷ እንኳ ወደ ዶክተሩ አልሄደችም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከዚህ በላይ ምን አለ? ደጇ ላይ ቆርቆሮ ደርድረው የለመኗትን ሴት፣ ልጆቻቸውን ያሳደገችላቸውን ሴት፣ አንቺ ነሽ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ሥራቸውን ማጣት፣ ቤታቸው ሲቃጠል ማየት ቀለላቸው። ዕቃቸውን በጆንያ መጠቅለል ጀመሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ እንደ ልማዷ ሮጣ አሰለፈች በር ላይ ደረሰች፤ እናቷ ከኋላ ደርሳ አፈፍ አደረገቻትና "ጠግባለች፣ እትዬ፣ አሁን ነው የበላች" አለች። ልጅቱ "አልበላሁም" እያለች እየተጎተተች ሄደች።

አሰለፈች በሯን ዘጋች። ውሃ አፈላችና እጇን ነከረች። በአመድ አሸችው፣ በሳሙና አሸችው፣ ቆዳው እስኪላጥ አሸችው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲባል ሰምታለች፤ ያጎረሰ እጅ ሲነክስ ግን አልሰማችም። ከዚያ የራሷ ልጆች መጡባት። ጡት እስኪጥሉ ደህና ነበሩ። ጡት ሲጥሉ ከምን ጀመሩ? ከእጇ ነዋ። ያኔ የመጨረሻው ልጅ እምቢ ሲል ለምና፣ ዘፍና፣ አታላ ነበር ያጎረሰችው። ሾተላይ ተብሎ ስንት ጠበል ጠጣች። ሾተላዩ እሷው ነበረች። ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ፈለገች፤ ጎረቤት ሰምቶ ሊያጽናናት እንዳይመጣ ፈርታ ነጠላዋን ነከሰች።

ዝም ማለት እንደምትችልም አሰበች። ሁሉም ይበተናሉ፤ እሷም ከነሱ ጋር ወደ ሳሪስ ወይም ወደ ሌላ ሠፈር ትሄዳለች፤ እዚያም እናቶች አሉ፣ ልጆች አሉ፣ አፋቸውን የሚከፍቱ። ይህን ስታስብ ከራሷ ሸሸች። ቤቱ ግን ትንሽ ነውና የትም አልደረሰችም።

በማግስቱ ጠዋት ፊሽካው ሳይነፋ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ዶክተር ሳህሌ ሲመጣ ተነሳች።

"የእኔ ነው" አለችው።

"ምኑ?"

"ሁሉም። በየቆርቆሮው ያለው የእኔ ነው። ሥራቸው እንዳይቀርባቸው ብዬ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ጤነኛ ነኝ ብዬ ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ደረጃው ላይ እሷ ተቀምጣበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠ። ለከተማ ሪፖርት ልኳል፣ ውጭ አገር ላሉ መምህራኑ ጽፏል። አንድ ሙሉ ግቢ በባክቴሪያ ተወረረ ያለው ነገር የአንዲት ሴት ዓይነ ምድር በየቆርቆሮው ተከፋፍሎ ነው። ተቆጣ፤ ሰው እየሞተ ይቀለዳል ወይ አላት። ቁጣው ቶሎ አለቀበት። ሰኪናና ባሏ ከዚያው ጉድጓድ እየጠጡ ለምን ነጹ ብሎ ሲጨነቅ ማደሩን ተናገረ። እነሱ የሰጡት የራሳቸውን እንደሆነ፣ ሰኪና ልጆቿንም በሥጋ የተነሳ ከክርስቲያን ድስት እንደማታስበላ፣ ስለዚህ ከእሷ እጅ ጎርሰው እንደማያውቁ አሰለፈች ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

"የእኔም ልጆች ሞተዋል" አለች። "ጡት ከጣሉ በኋላ ነው። በልጅነቴ ተስቦ ይዞኝ ነበር። እነሱንም..."

ዶክተሩ ሊዋሽላት ይችል ነበር። ልጅ እግር ነውና መዋሸት ገና አልለመደም።

"ሊሆን ይችላል" አለ። ቀጥሎም "እርስዎ አላወቁም" አለ።

አለማወቋን እሷም ታውቀዋለች። ምንም አልረዳትም።

ምርመራው እንደገና ተደረገ። በዚህኛው ጊዜ ማታለል የለም፤ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ቆርቆሮ ሰጪና ቆርቆሮ ተቀባይ ሆነ። ፈየራ ሳይቀር ተሰልፎ ሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ሳህን ላይ ብቻ ጥቁሩ አዝሙድ ተነስንሶ ነበር። ቤቶቹ አይቃጠሉም ተባለ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ፈቱ። አሰለፈች ግን ግቢውን ትለቃለች። ዶክተር ሳህሌ ከተማ ሆስፒታል ወስዶ የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ጥገና ሊያስወጣላት ቃል ገባ፤ አንዳንዴ ይረዳል፣ አንዳንዴ አይረዳም አላት። ይውጣ አለች። ሌላም ካለ አብሮ ይውጣ አለች።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ከደጇ ላይ ምግብ በሳህን እያስቀመጡ፣ አንኳኩተው ይሄዳሉ፤ ሳህኑን ግን መልሺ የሚላት የለም። ሰኪና ብቻ ገብታ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከሱቁ ሳሙና አምጥታ እጇን ራሷ አስታጠበቻት፤ የተላጠውን ቆዳ ስታይ ቅቤ ቀባችላት።

ሙሉአለም አንድም ቀን አልመጣችም። የመጣችው አሰለፈች ጓዟን ጠቅልላ የዶክተሩን ጂፕ በምትጠብቅበት ቀን ነው። በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀደም እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ነበር የምትላት።

"ዲንቄ ትኩሳቱ ለቋታል" አለች። "አልበላም ብላለች። ድሬሰሩ ካልበላች አትተርፍም ይላል። አንቺን ትጠራለች።"

አሰለፈች ተነሳች። ከዚያ እጇን አይታ መልሳ ተቀመጠች።

"አትንኪያት" አለች ሙሉአለም። "ተቀመጪና ትይሽ። ሌላ ምን ላድርግ? አንዱን ቀብሬያለሁ።"

አሰለፈች ሁለት እጇን ገጥማ በነጠላዋ ጠቀለለች። ጫፉን በጥርሷ ልታጠብቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። "እሰሪልኝ" አለቻት። ሙሉአለም ቋጠሮውን አሰረችው፤ አጥብቃ ነው ያሰረችው።

ዲንቄ ክሊኒኩ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ ረግፏል፣ አንገቷ ቀጥኗል። አጠገቧ የለሰለሰ ፍትፍት አለ፤ ማንኪያ እንኳ አልነካውም። አሰለፈችን ስታይ ፊቷ ላይ ብርሃን መጣ፣ ወዲያውም አፏን ከፍታ ጠበቀች።

ሙሉአለም ፈጥና ከፍትፍቱ ጠቅልላ ወደ አፏ አቀረበች። ልጅቱ አፏን ገጠመች። "የእማማን" አለች።

"የእኔ እጅ ታሟል፣ ዲንቄዬ" አለች አሰለፈች። "አየሽ? ታስሯል።"

ዲንቄ የታሰረውን እጅ አየችው። "እስኪድን እጠብቃለሁ" አለችና ተመልሳ ተጋደመች።

አሰለፈች ሙሉአለምን አየቻት። ሙሉአለም ጉርሻውን እንደያዘች ቀርታለች፤ ልመናዋን በዓይኗ ነው የምትናገረው። አሰለፈች በሕይወቷ ብዙ ነገር ተነጥቃለች፤ የምትወደውን በፈቃዷ ለሌላ አሳልፋ የሰጠችበት ጊዜ ግን ከዚያ ሰዓት በፊት አልነበረም።

"አይድንም እኮ" አለች ለልጅቱ። "አይድንም ሲሉኝ ለእናትሽ ሰጠኋት። እጄ አሁን እሷ ዘንድ ነው ያለው። እይው፣ አውራ ጣቱ ላይ ቃጠሎ ካለ የእኔ ነው።"

ልጅቱ ቀና አለች። የእናቷን እጅ ይዛ አገላበጠችው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ልጦት ነበርና አውራ ጣቱ አጠገብ ጠባሳ አገኘች። ጠባሳውን በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ሙሉአለም አጎረሰቻት። ልጅቱ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ድክም ባለ ድምፅ "አንድ ያጣላል" አለች። እናቷ እያለቀሰች ሁለተኛውን ጠቀለለች።

አሰለፈች ሁለተኛውን ስትጎርስ ለማየት አልቆመችም። በሩ ጋ ስትደርስ እጇ እንደታሰረ ትዝ አላት። የሚፈታላት ሰው ሥራ ይዟል። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፤ ጂፑ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።